የፊላዴልፊያው ሃምሳ ሳንቲም

ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ አልደፉም። በ1923 ዓ.ም. የኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች ላይ ቀድሞ ዓይን የሚገባው ዘውዳቸው ነበር፤ በ1936ቱ የብር ሃምሳ ሳንቲም ላይ ግን ራሳቸው ባዶ ነው፣ ወደ ጎን ዞሮ። ለቀራጭ ዘውድ ጥሩ መሸሸጊያ ነው። ዕንቁውንና ፈርጡን ደርድሮ ፊቱን ቢያበላሽ እንኳ ያየው ሁሉ ንጉሥ መሆኑን አይስተውም። እዚህ መሸሸጊያ የለም። ግንባሩ፣ የአፍንጫው አጥንት፣ ጆሮው፣ ጺሙ እያንዳንዱ ሥራውን በራሱ መሥራት አለበት፤ ያውም ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ከፍታ። አጉሊ መነጽር ይዘው ብርሃኑን ከጎን ቢያመጡለት፣ ጺሙ ከጉንጩ የሚለይበት ቦታ ላይ ድንበር የሚባል መስመር እንደሌለ ያያሉ። ቆዳው ያልቃል፣ ጸጉሩ ይጀምራል፤ የት ላይ እንደሆነ ግን በጣት አይጠቆምም።

ዘውዱስ የት ሄደ? ሳንቲሙን ሲገለብጡት ይገኛል። አንበሳው ደፍቶታል። መስቀሉን ይዞ፣ ዘውዱን ጭኖ ቆሟል። እኔ ይህን ዝም ብሎ የመጣ ነገር አድርጌ አላየውም። የሰውየው ፊት እንደ ሰው ፊት ይታይ፣ የመንግሥቱ ክብር ደግሞ በምልክቱ ላይ ይቀመጥ የሚል የታሰበበት የሥራ ክፍፍል ይመስለኛል። ከፊታቸው በታች ዘመኑ በግዕዝ ቁጥር ተጽፏል፦ ፲፱፻፴፮።

ይህን የሠራው እጅ የነበረው ፊላዴልፊያ ነው። ሳንቲሞቹ የተመቱት እዚያ ባለው የአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ መምቻ ቤት ሲሆን፣ የፊቱን ምስል ያበጀው የቤቱ ዋና ቀራጭ ጆን ሲኖክ ነው። አሜሪካኖች ሲኖክን የሚያውቁት ጥቂት ቆይቶ ባወጣው የሩዝቬልት ምስል ባለበት አሥር ሳንቲማቸው ነው። አሠራሩ ትዕግሥት ይፈልጋል። ቀራጩ ምስሉን መጀመሪያ የሚያበጀው ከሳንቲሙ ብዙ እጥፍ በሚሰፋ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ከዚያ በጄሶ ይገለብጠዋል፤ ከጄሶውም የጠነከረ ቅጂ ይወጣለታል። ቀጥሎ ማሽን ይረከባል። በአንደኛው ጫፉ ያለ የብረት ጣት ትልቁን ምስል እየዞረ ይዳስሳል፣ በሌላው ጫፍ ያለ መቁረጫ ያንኑ እንቅስቃሴ አሳንሶ ብረት ላይ ይቀርጻል። የሥራው ወጥመድ ያለው እዚህ ላይ ነው። በትልቁ ሰሌዳ ላይ የሚያምር ቀጭን መስመር ሲያንስ ይጠፋል፤ በትልቁ ላይ ሻካራ የሚመስለው ደግሞ ሲያንስ ልክ ይመጣል። ስለዚህ ቀራጩ የሚሠራው የሚያየውን አይደለም፤ ወደፊት ሃያ አምስት ሚሊሜትር ስፋት ላይ የሚታየውን ነው። ሲኖክ የቱን መስመር እንደሚተው አውቋል። የንጉሡ ጸጉር አንድ በአንድ አልተቆጠረም፤ ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ተነክቶ ሌላውን ዓይን እንዲሞላው ተተወ።

ከሳንቲሙ ጋር የተዋወቅሁት በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ጡረታ በወጡ አንድ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ቤት ነው። ሰፈሩ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሳበት በመሆኑ ቀኑን ሙሉ መኪና ለክፍያ ይሰለፋል፤ እሳቸው ግን ገንዘብ ሲሉ የሚያወሩት ስለ ሌላ ዘመን ገንዘብ ነው። አንዱን ሃምሳ ሳንቲም አንስተው ጠረጴዛው ላይ በነበረ የእምነ በረድ ቁራጭ ላይ ጣል አደረጉት።

«ሰማኸው?»

«ሰማሁ፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ ይኼን ስማ» አሉና ሌላ ጣሉ፤ በመጠን የሚበልጥ፣ መልኩ ግን ደብዘዝ ያለ። ድምፁ አጭር ነበር። ያኛው ከወደቀ በኋላ ጥቂት ሲዘፍን ቆይቶ ነበር፤ ይኼኛው ወደቀ፣ አበቃ።

ሁለተኛው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነበር። በአንድ ገጹ የጆርጅ ስድስተኛ ራስ፣ በሌላው ተራራን ከኋላው ያደረገ አንበሳ አለበት። እውነቱን ለመናገር አንበሳው አያስጠላም። ተራራው ሩቅ ሆኖ እንዲታይ ዝቅ ብሎ ተቀርጿል፣ አንበሳው ከፍ ብሏል፣ አየር በመካከላቸው እንዳለ ይሰማል። ክፋቱ ሆዱ ነው። ሽልንጉ ውስጥ ያለው ብር ከመቶ 25 እጅ ብቻ ነው። የፊላዴልፊያው ሃምሳ ሳንቲም ግን 7 ግራም ገደማ ሆኖ 80 በመቶው ብር ነው። ስለዚህ በክብደት አነስ ብሎም ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ንጹሕ ብር ይዟል። በጠገራ ብር ላደገ ገበሬ ይህ የፖለቲካ ጥያቄ ነው። የኢትዮጵያ ገበያ ጠገራው ላይ በተቀረጸችው በማሪያ ቴሬዛ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥና በራሷ ላይ ያለውን ዕንቁ እየቆጠረ፣ ነጠብጣቡ የጎደለውን የሚመልስ ገበያ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው እጅ ላይ ሩብ ብር ያለበትን ሽልንግ አስቀምጦ ተቀበል ማለት ቀላል አይደለም።

ሽልንጉ የመጣው በዚሁ በቱሉ ዲምቱ በኩል ባለው አቅጣጫ ነው። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ኢጣልያን አስወጥቶ አዲስ አበባ የገባው የእንግሊዙ የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር ከኬንያ ተነሥቶ፣ በሶማሊያ፣ በሐረርና በአዋሽ አድርጎ፣ ከናዝሬት በአቃቂ በኩል ነበር ያቀናው። ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ደቡብ አፍሪካውያንና ምሥራቅ አፍሪካውያን፣ ኪሳቸው ውስጥ ያለው ገንዘብ የናይሮቢ ገንዘብ። የገንዘቡ ጌታ ግን ናይሮቢም አልነበረም። የምሥራቅ አፍሪካ የገንዘብ ቦርድ መቀመጫው ለንደን ነበር፤ ገንዘቡን የሚደግፈው ሀብት በስተርሊንግ ሰነድ ሆኖ ለንደን ይቀመጣል፣ ወለዱም እዚያው ይቀራል። ሽልንጉ ባለፈበት አገር ሁሉ ሕዝቡ ለንደን ላሉ ሰዎች ሳያውቅ ያበድር ነበር ማለት ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ከተማቸው ገቡ። ግንቦት 3 ቀን ሚኒስትሮች ሾሙ። ወዲያው ብርጋዴር ለሽ የተባለው የእንግሊዝ የፖለቲካ ሹም መጥቶ፣ ከኢጣልያ ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ ሙሉ ሥልጣንዎን መያዝ አይችሉም አላቸው። እንግሊዞች አገሪቱን የሚያስተዳድሩበት መዋቅር ስሙ ራሱ «የተያዘ የጠላት ግዛት አስተዳደር» ነበር። ለአምስት ዓመት ዱር የከረመ አርበኛ ይህን ስም ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ፋብሪካዎች እየተነቀሉ፣ መኪኖች እየተጫኑ ወደ እንግሊዝ ግዛቶች ሄዱ። በጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. የተፈረመው ውል መንግሥቱን ለንጉሡ ቢመልስም ከአማካሪ፣ ከዳኛና ከጦር መኮንን ጋር አጣብቆ ነው። የእንግሊዙ መልእክተኛ በአዲስ አበባ ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ሁሉ ቀዳሚ እንዲሆን በውሉ ተጻፈ። እንግሊዝ በመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በሁለተኛው 1 ሚሊዮን ልትሰጥ፣ ከዚያም እየቀነሰች ልትሄድ ቃል ገባች፤ ከፋይ ከሆነች ደግሞ ወጪውን ልመርምር ማለቷ አይቀርም። ምድር ባቡሩ በእጇ ቆየ፤ ኦጋዴንም ከ1940 ዓ.ም. በኋላ ነው መመለስ የጀመረው።

ኢትዮጵያ ቅኝ ግዛት አልነበረችም፤ ንጽጽሩን እስከ መጨረሻ መጎተት አያስኬድም። ግን ሰዎች ከእንግሊዝ ጋር የሚጣሉበት ምክንያት በየአገሩ የሚገርም መመሳሰል አለው፤ ከመመሳሰሉም አንዱ ገንዘብ የመሥራት መብት ነው። የአሜሪካ አሥራ ሦስት ግዛቶች ለምን አመፁ ሲባል ሁላችንም ሻዩን እናነሳለን፤ በ1773 እ.ኤ.አ. ቦስተን ወደብ ላይ ባሕር ውስጥ የተጣለውን። ቴምብሩንም እናነሳለን፤ ወኪል ያላስቀመጥንበት ፓርላማ አያስገብረንም የሚለውንም ክርክር። ከቴምብሩ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1764፣ ፓርላማው ያወጣው የገንዘብ ሕግ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሕጉ ግዛቶቹ የሚያትሙት የወረቀት ገንዘብ ለዕዳ መክፈያ በግዴታ እንዳይሠራ ከለከለ። የለንደን ነጋዴዎች ገንዘባቸውን በስተርሊንግ ነበር የሚፈልጉት። ወርቅና ብር ወደ እንግሊዝ እየፈሰሰ ባለበት አገር ወረቀቱን ማገድ ገበያውን ማነቅ ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በየካቲት 1766 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ፓርላማ ፊት ቀርቦ፣ ግዛቶቹ ለፓርላማው የነበራቸው አክብሮት ለምን እንደቀነሰ ሲጠየቅ፣ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ክልከላ ነበር።

ፍራንክሊን በዚህ ጉዳይ የሚናገረው ከእጅ ሥራ ልምድ ነው። ፊላዴልፊያ ውስጥ አታሚ ነበር፤ የገንዘብ አታሚ። አጭበርባሪ አስመስሎ እንዳያትምበት የዛፍና የአትክልት ቅጠል ወስዶ፣ በጄሶ ቀርጾ፣ በጄሶው ላይ ብረት አፍስሶ፣ ያንን የቅጠል ብረት በገንዘቡ ጀርባ ያትም ነበር። ብልሃቱ ያለው ጅማቱ ላይ ነው። የቅጠል ጅማት ከግንዱ ወፍሮ ይነሳና እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ የት እንደሚያልቅ ሳይታወቅ ያልቃል፤ የትኛውም ሰው በመቅረጫ ይህን ደግሞ መሥራት አይችልም። ዘዴውን በሕይወቱ እያለ ምሥጢር አድርጎ ያዘው። አመፁ ሲጀመር፣ በ1775፣ አዲሱ ኮንግረስ ያሳተመው ገንዘብም በቅጠል ምስል ወጣ። የቦስተኑ አንጥረኛ ፖል ሪቪር ደግሞ በዚያው ዓመት ለማሳቹሴትስ ገንዘብ ሲቀርጽ፣ በአንድ እጁ ሰይፍ፣ በሌላው ማግና ካርታ የያዘ ሰው አቆመ። ማግና ካርታ የእንግሊዞች የራሳቸው የመብት ሰነድ ነው። ሪቪር እንደ ቀራጭ ከፍተኛ አይደለም፤ ሰውየው ደርቋል፣ እግሮቹ ምድር አልያዙም። ሐሳቡ ግን ስለት አለው፦ የራሳችሁን ወረቀት ይዘን ነው የምንገጥማችሁ።

ይልማ ዴሬሳም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ወለጋ ተወልደው፣ እስክንድርያ በሚገኘው ቪክቶሪያ ኮሌጅ፣ ከዚያም ለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰው ናቸው። የስተርሊንግን ሥርዓት ከነምንጩ ያውቁታል። በ1935 ዓ.ም. የገንዘብ ምክትል ሚኒስትር ሆነው ቨርጂኒያ፣ ሆት ስፕሪንግስ ላይ ወደተደረገው የምግብና የእርሻ ጉባኤ ሄዱ። ስለ እህል ለመነጋገር ነበር የተጠሩት፤ የተመለሱት ግን የብር ነገር ጀምረው ነው። አሜሪካ በዚያን ጊዜ ለጦር አጋሮቿ ታበድር በነበረው ዕቅድ ውስጥ ኢትዮጵያም ገባች፤ ለሳንቲም መምቻ የሚሆን 5.4 ሚሊዮን አውንስ ያህል ብርም ተፈቀደላት። ከዚህ ብር 30 ሚሊዮን ሃምሳ ሳንቲም ወጣ። በ1936 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በብሬተን ዉድስ ጉባኤ ኢትዮጵያ ከአርባ አራቱ አገሮች አንዷ ሆና ተቀመጠች፤ ከወከሏት አንዱ የመንግሥት ባንክ ገዥው አሜሪካዊ ጆርጅ ብላወርስ ነበሩ። ባንኩ ራሱ ከተከፈተ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ንጉሠ ነገሥቱና ሚኒስትሮቻቸው የእንግሊዝን ሞግዚትነት የታገሉት በጠመንጃ አልነበረም፤ አቅሙም አልነበረም። የታገሉት በሹመት፣ በአዋጅ፣ በውል ቃልና በመጨረሻ በዚህች በጣት በምትያዝ ክብ ብረት ነው። ብረቷ ክፉ ሥራ ብትሆን ትግሉ ገበያ ላይ ያልቅ ነበር። አዋጅ ሰውን ሳንቲም እንዲይዝ ያስገድድ ይሆናል፤ ሳንቲሙን አምኖ ሰፍቶ ወገቡ ላይ እንዲያስር አያስገድደውም። ሰማንያ በመቶ ብር፣ የጠራ ድምፅ፣ የታወቀ ፊት፣ የሚነበብ ፊደል፤ እነዚህ ናቸው የተከራከሩት።

የወረቀቱን ገንዘብ እንይ። አንድ፣ አምስት፣ አሥር፣ ሃምሳ፣ መቶና አምስት መቶ ብር፤ ሁሉም የታተሙት አሜሪካ በሚገኘው የሴኩሪቲ ባንክኖት ኩባንያ ነው። ጋሼ አንድ ብሩን ሲያሳዩኝ አስቀድመው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ የቆየ የሙያ ልማድ ነው። ምክንያቱም እንዲህ ያለ ወረቀት የሚታተመው በተቦረቦረ ብረት ነው። ቀራጩ ስለታም መቅረጫ ይዞ ለስላሳ ብረት ላይ መስመር ያርሳል፤ ሁሉንም ነገር በግልባጭ። ከዚያ ብረቱ ይጠነክራል፣ ቀለም ይቀባል፣ ገጹ ይጠረጋል፤ ቀለም የሚቀረው መስመሮቹ ውስጥ ብቻ ነው። ወረቀቱ በከፍተኛ ጫና ሲጫንበት ቀለሙን ከቦዩ ይመጠዋል። ስለዚህ መስመሩ ከወረቀቱ በላይ ይቆማል፤ ጣት ይለየዋል። የጥልቀቱ ልዩነት የጥቁረት ልዩነት ነው፦ ጠልቆ የታረሰ መስመር ይጠቁራል፣ በስሱ የተነካው ግራጫ ይሆናል።

አንድ ብሩ ላይ ያለው ሥዕል ደግሞ ስለ ማረስ ነው። ገበሬ በሬ ጠምዶ ያርሳል። ብረት የሚያርስ ሰው መሬት የሚያርስ ሰው ሲቀርጽ ማየት ያስደስተኛል። በሬው ሆድ ላይ መስመሮቹ እንደ ጎኑ ጎብጠዋል፤ አቅጣጫውን ተከትለው ዞረው ሥጋ ይሰጡታል። መሬቱ ላይ መስመሩ ይቆራረጣል፣ ሻካራ ይሆናል። ሰማዩ ላይ ቀጥ ብሎ፣ ስስ ሆኖ፣ ርቆ ርቆ ይሰመራል። ቀለም አንድ ነው፤ ቆዳን፣ አፈርንና አየርን የሚለየው የመቅረጫው አካሄድ ብቻ ነው። ከሥዕሉ ጠርዝ ጀምሮ ደግሞ የሰው እጅ ያልነካው ሥራ አለ፤ እንደ ሐረግ ጥልፍ እየተጠማዘዘ ራሱን የሚያቋርጠው መረብ። ይህ በልዩ ማዞሪያ የሚሠራ ነው፤ የጥርሶቹ ቅንብር ካልታወቀ ሌላ ማሽን እንኳ አይደግመውም። ፍራንክሊን ለቅጠል የሰጠውን ሥራ በኋለኛው ዘመን ይህ ማሽን ወረሰው። አምስት ብሩ ላይ ቀፎ የተሰቀለበት ግራር አለ፤ አሥር ብሩ ላይ የአራዳው የምኒልክ ሐውልት፣ ሃምሳው ላይ ፓርላማው። ለእኔ የሚበልጠው ግራሩ ነው። ግራርን መቅረጽ ፈተና ነው፤ ቅጠሉ ደቃቅ፣ ጥላው ሰፊ፣ ቅርንጫፉ ጠፍጣፋ። ቀራጩ ቅጠል በቅጠል ሳይገባ ጥላውን ቀርጾ ዛፉን አገኘው። ሃምሳ ብሩ ላይ ያለው ፓርላማ ግን ሕንጻ ከመሆን አላለፈም፤ ቀጥ ያለ መስመር ለእንዲህ ያለ እጅ ያንስበታል።

በገንዘቡ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ዶላር ይላል፤ አማርኛው ብር ይላል። ሕዝቡ በአማርኛው አነበበው። ፊርማው የገዥው የብላወርስ ነው፤ ከእሳቸው በኋላም አሜሪካውያን ተከታትለው ፈረሙ። መጀመሪያ የፈረሙት ኢትዮጵያዊ ገዥ መናሴ ለማ ናቸው፤ ይህም የሆነው እስከ 1950ዎቹ ዓ.ም. ከተቆየ በኋላ ነው። ከአንዱ ሞግዚት ወደ ሌላው ነው የተሄደው የሚል ሰው አይሳሳትም። ልዩነቱ ግን አሜሪካኖቹ ቀጣሪያቸው ማን እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ ደመወዝ የሚከፍለው የኢትዮጵያ መንግሥት ነው።

አዲሱ ገንዘብ የወጣው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የልደት ቀን ነው። አስቀድሞ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን፣ ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ከሎርድ ዴ ላ ዋር ጋር ሁለተኛውን ውል ፈርመው የእንግሊዙ መልእክተኛ ቀዳሚነትም፣ የግዴታ አማካሪውም ቀርቷል፤ ባቡሩም ተመልሷል። ለውጡ ሲታወጅ ብልህ ሥራ የታየው በምንዛሪው ነው። አንድ ብር ሁለት ሽልንግ ተባለ፣ ወደ አርባ የአሜሪካ ሳንቲም። ስለዚህ አንድ ሽልንግ ሰጥቶ አንድ ሃምሳ ሳንቲም የሚቀበል ሰው ማባዛት፣ ማካፈል የለበትም፤ አንዱን ሰጥቶ አንዱን ይወስዳል፣ የሚወስደው ደግሞ የተሻለ ብር ያለበትን ነው። ገበያው ዋጋውን አልለወጠም፤ ንጉሡን ብቻ ለወጠ። ሽልንግ የሚለውን ስም እንኳ ሳይጥል ሃምሳ ሳንቲሙን እስከ ዛሬ ሽልንግ ይለዋል።

ድል ብሎ መጻፍ ቀላል ነበር፤ ታሪኩ ግን ያስቃል። በሳንቲሞቹ ላይ ያለው ፲፱፻፴፮ ለሠላሳ ዓመት ያህል ሳይለወጥ ቆየ፤ በኋላ የተመቱትም ያንኑ ዘመን ይዘው ወጡ። ከእነሱ ውስጥ ብዙዎቹ የተመቱት የት ይመስላችኋል? በርሚንግሃምና ለንደን። እንግሊዝ ያጣችውን ገበያ በሥራ ተቋራጭነት መልሳ አገኘች። በ1939 ዓ.ም. ገደማ የወጣው ሃምሳ ሳንቲም ደግሞ የብር መጠኑ ከ80 ወደ 70 በመቶ ወርዷል። ይህ በዓይን አይታይም። ጋሼ ግን በጆሮ ይለያል ይላሉ፤ እኔ ሁለቱንም አስጥዬ ሰምቻለሁ፣ አልለየሁም።

አንድ ትልቅ ጉድለት አለው ይህ ሁሉ ውብ ሥራ፤ ስሙኒው ነው። ሃያ አምስት ሳንቲሙ መዳብ ሆኖ ስፋቱ ከብሩ ሃምሳ ሳንቲም ጋር አንድ ለአንድ ሊባል የሚችል ነበር፤ ፊቱም ያው ፊት፣ አንበሳውም ያው አንበሳ። ፊላዴልፊያ ላይ ሳንቲሞቹን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የሚለያቸው በቀለም ነው፤ ቀዩ መዳብ፣ ነጩ ብር። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ቀለም መቀየር የሚያውቁ ሰዎች ሞልተው ነበር። ስሙኒውን በስሱ ብር እየለበጡ ሃምሳ ሳንቲም አድርገው ያሳልፉት ጀመር። ሥራው ጥሩ ነበር ይላሉ ጋሼ፤ እንደ ከፋይ ይጠሉት ነበር፣ እንደ ሰው ያደንቁታል። የሚያጋልጠው ጉንጩ ነው። ሳንቲም ከሳንቲም ጋር ሲፋተግ መጀመሪያ የሚበላው ከፍ ያለው ቦታ ነውና ልባጩ ከጉንጩና ከአፍንጫው ላይ ይነሳል፤ ከሥር ቀዩ ይወጣል። የተጭበረበረ ሃምሳ ሳንቲም ላይ ንጉሡ ያፍራሉ ይባል ነበር ብለው ሳቁ። እዚህ ላይ የሲኖክ ሥራ ሳያስበው ጠቀመ፤ ፊቱ ዘውድ ደፍቶ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚበላው ዘውዱ ይሆንና ነገሩ ቶሎ አይታወቅም ነበር።

በ1940ዎቹ አጋማሽ መንግሥት ክቡን ስሙኒ ሰብስቦ ጠርዙ የተሞረደ፣ ዙሪያውን እየገባ እየወጣ የሚሄድ ስሙኒ አወጣ። የዚህ ሳንቲም ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ጠርዙ የጠራ፣ ለስላሳ ነው። ሌላው ሻካራ ነው፤ ገባ ገባው እኩል አይደለም፣ አንዳንዱ ጠልቋል፣ አንዳንዱ ገና ሲነካ ተትቷል፣ የመቁረጫው ጥርስ ምልክት ይታያል። ሰብሳቢዎች ለስላሳውን ይመርጣሉ። እኔ ሻካራውን እመርጣለሁ። የፊቱ ክፍል የፊላዴልፊያ ነው፣ አንድ እንከን የለውም፤ ጠርዙ ችግር የወለደው ጥድፊያ ነው፤ ሁለቱ እጆች በአንድ መዳብ ላይ ተገናኝተዋል።

«ሥራውን እንዴት ያዩታል፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ሥራ ነዋ!» አሉ ሻካራውን ስሙኒ በጣታቸው እያዞሩ። «መብራት ሲጠፋ እንኳ ቆጠራ አላቋርጥም ነበር። ስሙኒውን እነጥላለሁ፣ ሽልንጉን እነጥላለሁ፤ ማታ ሂሳቡ ልክ ይመጣል።»